ነጭ ጀርባ

…እና ያ ሁሉ መስመር እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ሐኪሟ ጭንቅላቴ ላይ ሃያ ምናምን ሽቦ ለጥፋ ጨፍኚ፣ አሁን ግለጪ፣ አሁን ደግሞ በረጅሙ ተንፍሺ ስትለኝ ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ወረቀት ላይ ስወጣ እንደዚህ ነው የምመስለው፣ ቀጫጭን መስመሮች፣ እየተንቀጠቀጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ፣ ያን ቀን ቆይ እዚህ ጋ ምን እያሰብኩ ነው ብዬ በጣቴ ባሳያት ሳቀች፣ እሱን መሣሪያው አያውቅም የኔ እህት፣ እሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ አለችኝ፣ እኔ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ የማስበው ስለ ጫማዬ ነበር፣ ሶሉ ተላቆ ሐኪም ፊት አፉን የከፈተ ጫማ አድርጌ መጣሁ እያልኩ ሳፍር፣ እና እፍረቴ እዚያ አለ፣ ተጽፎ፣ ማንም ሊያነበው በማይችለው ፊደል። ጉድ እኮ ነው።

አሁን ያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። በአንድ ፊቱ እኔ፣ በሌላው ፊቱ የሁለተኛ ፈረቃ ተረኞች ስም ዝርዝር፣ አራቱም ማዕዘኑ ላይ ፕላስተር የላጠው ምልክት፣ ማስረጃ ቁጥር አንድ ይሉታል፣ እንግዲህ እኔ ማስረጃ ቁጥር አንድ ነኝ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ አባላት ሦስት ናቸው፣ ተራ በተራ አንስተው አይተውኝ መልሰው ያስቀምጡኛል፣ ቀስ ብለው፣ እንዳልሰበር ይመስል። ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፣ ጨርቁ ጠማማ ነው፣ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል፣ ዓይኔን ምን ላድርገው፣ አሥራ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ወረቀት ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ሰው ቤት ገብቼ መጀመሪያ የማየው የመጋረጃውን ጠርዝ ነው፣ ትኩረት አድርጊ፣ ጠበቃው እየተነሣ ነው።

የድርጅቱ ጠበቃ። ወጣት ነው፣ ሱፉ ያምርበታል፣ ይመስገን። አመልካቿ ያለባቸው የሚጥ…

ይቆዩ፣ አሉ ሰብሳቢዋ። ጣታቸውን ብቻ ነው ያነሡት። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ለጉዳዩ የሚጠቅም ነገር የለውም፣ የጤና ሁኔታቸው ይበሉና ይቀጥሉ።

የጤና ሁኔታቸው፣ እሺ ክብርት ሰብሳቢ፣ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጠለ፣ እኔ ግን አልቀጠልኩም፣ እዚያው ቀረሁ፣ ምን ሰማሁ እኔ፣ ይሄ ቃል እኮ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ሲያባርረኝ የኖረ ነው፣ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ስር ወድቄ ስነቃ አርባ ተማሪ ከላይ ሲያየኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በየመንገዱ፣ በየሰርጉ፣ አሁን ይጠሩት ይሆን እያልኩ፣ አንዲት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ደግሞ ጣታቸውን አንሥተው በር ላይ አስቀሩት። ግባ አላሉትም። እንደዚህ ይቻላል ለካ። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ይቻል ነበር።

እርስዎ ይሉኛል ደግሞ። እኔን። ጠዋት ስሜን ሲያስመዘግቡ እርስዎ ሲሉ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን ሽማግሌ መጣ ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ያለችው ሙጫዬ ነበረች፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ ጓደኛዬ ናት፣ ጠራዥ ናት፣ ጣቶቿ ዘወትር እንደተጣበቁ ስለሚውሉ ነው ሙጫ የምንላት፣ እንኳን መጽሐፍ ሰውም ከያዘች አትለቅም። የዛሬ አምስት ወር ያን ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ በር መስታወት ላይ የላጠችው እሷ ናት። በዚያ ጣቷ።

እናቴ ግን ኮሪደሩ ላይ ቀርታለች። ልግባ እንዴ ልጄ፣ አትግቢ ካልሽኝ አልገባም፣ እኔ ስሙን ከሰው አፍ መስማት አልችልም አለችኝ። ምናለ ገብታ ቢሆን፣ ምናለ ያቺን ጣት አይታ ቢሆን። ሆድ ይፍጀው ነው የእናቴ ሕግ፣ ለጎረቤት አትንገሪ፣ ለአክስትሽ አትንገሪ፣ ለሚያገባሽ ከሆነማ ጭራሽ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ሐኪሟ ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትለኛለች፣ በሁለቱ መካከል ነው የኖርኩት፣ ክኒኔን በአዝራር ብልቃጥ ውስጥ ደብቄ፣ አዝራርና ክኒን አንድ ላይ፣ አንዴ ተሳስቼ አዝራር ውጫለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ነጭ አዝራር፣ ምንም አላደረገኝም። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ሳልወድቅ። ዘጠኝ ዓመት፣ አንድም ቀን። ያን ጊዜ ነው ደፍሬ የሐኪሟን ወረቀት በታሸገ ፖስታ ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠሁት፣ ዓመታዊ ምርመራ ሲጠየቅ አልዋሽም ብዬ፣ ፖስታው ላይ በቀይ ጥብቅ ምስጢር የሚል ማኅተም አለበት፣ ፖስታውን ያተምነው ደግሞ እኛው፣ እኛው ማተሚያ ቤት፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። አምኜዋለሁ፣ ሥራችንን ስለማውቀው።

ማመልከቻዬን የጻፈልኝ ሰውዬ በታይፑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የሞራል ጉዳት ካሣ ልበል፣ አለኝ። ምንድነው እሱ አልኩት። ያፈርሽበት፣ እንቅልፍ ያጣሽበት፣ ሰው ፊት ያነስሽበት፣ ሕግ ያውቀዋል። ሕግ ያውቀዋል! እንቅልፌን? አንቀጹን አውጥቶ አሳየኝ፣ አሠሪ የሠራተኛውን የጤና መረጃ በምስጢር የመያዝ ግዴታ አለበት፣ ጥቁር በነጭ፣ ነጥብ ሳይጎድል፣ እኔን ሳያውቅ፣ ምናልባት ሳልወለድ የተጻፈ፣ እና አሰብኩ፣ ይሄን የጻፈ ሰው ከየት አመጣው፣ ማንም ዝም ብሎ አይጽፍም፣ ከእኔ በፊት አንዱ ተዋርዷል፣ አንዷ አልቅሳለች፣ እሷ ካለቀሰችው ላይ ነው ይቺ መስመር የወጣችው፣ እኔ ቆሜባታለሁ፣ ስሟን አላውቅ፣ አመሰግናለሁ ብላት የት ትሰማኛለች። ሁለት ነገር ነው የጠየቅኩት፣ ካሣውንና ማሽኔን። በዚህ ቅደም ተከተል ጻፈው፣ ልቤ ግን ገልብጦ ነው ያነበበው።

ማሽኔን። መቁረጫውን። ጠዋት ሲነሣ ድምፁ፣ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው ወረቀት ስሩ ሲገባ እስቲ ልይህ የሚለው ብረት፣ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለቱን በሁለት እጅ ካልተጫንሽ ምላጩ አይወርድም፣ እጅ ከገባም ራሱ ይቆማል፣ ሰው ወደቀ አልወደቀ ደንታ የለውም፣ ከሰው ይልቅ ያዝናል፣ ሐኪሟም ይሄንኑ ጽፋለች፣ መሥራት ትችላለች፣ ከነማኅተሙ። እነሱ ግን ወረቀቱ በሩ ላይ ከታየ በአራተኛው ቀን፣ ለደኅንነትሽ ነው እህቴ፣ ብለው ካርቶን መጋዘን ሰደዱኝ፣ መስኮት የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን አጣጥፌ የምከምርበት፣ እና ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ስድቡ ይሻል ነበር። ውሃ ልስጥሽ፣ ተቀመጪ፣ ደረጃው ላይ ቀስ፣ አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ሰዎች ወሬ ሲያወሩኝ ዓይኔን ነው የሚያዩት፣ እንዳይገለበጥ ሲጠብቁ።

ያ ጠዋት። የመግቢያው በር መስታወት ነው፣ የፈረቃ ዝርዝር የሚለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው፣ ማታ ለጥፈውት ሄደዋል፣ ነጩ ጀርባ ላይ ዝርዝሩ ተጽፎ ወደ ውስጥ ያያል፣ ታዲያ ሌላው ፊቱ ወዴት ያያል፣ ወደ ውጭ ነዋ! ወደ መንገዱ! አእምሮ ያለው ሰው ይሄን አያስብም? እና እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ ስመጣ ሰው በሩ ላይ ተኮልኩሏል፣ አልገባም፣ ቆሟል፣ መንገደኛም ሳይቀር፣ ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር፣ እኔም እንደ ሰው አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ መስመሮቼን አየሁ። ከላይ ስሜ፣ ከታች የበሽታው ስም፣ መሐል ላይ እኔ፣ ስለ ጫማዬ እያሰብኩ። ይገርማል፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም፣ ለሙጫዬም፣ እንዴት ያምራል ነው ያልኩት በሆዴ፣ ብርሃን ከኋላው ሲመጣበት እንዴት ያምራል።

እርስዎን ነው፣ አሉ ሰብሳቢዋ። ጠበቃው ጥያቄ አለው።

አቤት።

በድርጅቱ ውስጥ ነጭ ጀርባ የሚባል አሠራር እንዳለ ያውቃሉ?

አውቃለሁ። ማን የማያውቅ አለ፣ ማተሚያ ቤት ወረቀት መጣል ነውር ነው፣ አንድ ፊቱ የታተመ ወረቀት ሌላ ፊት አለው፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ የስቴፕሉ ቀዳዳ ተቆርጦለት፣ ነጩ ወደ ላይ ሆኖ ለየቢሮው ማስታወሻ መያዣ ይመለሳል፣ የአስተዳደር ኃላፊው ይሄን ሃይማኖቱ አድርጎታል፣ ቁጠባ ነው የምንለው፣ እዚያ ነው ከጠበቃው አጠገብ የተቀመጠው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ የእርሳስ ቁራጭ አንጀቱን የሚበላው ሰው ነው፣ እና መዝገብ ቤቱን ሲያጸዳ የድሮ ፋይል ብሎ መሳቢያ ሙሉ ወረቀት ለነጭ ጀርባ አወጣ፣ የማን ነው፣ የምን ነው ብሎ አላየም፣ ያየው ነጩን ነው።

ከየቢሮው የሚመጣውን ነጭ ጀርባ ጠርዙን የሚቆርጠው ማነው፣ አለ ጠበቃው፣ ድምፁ ለስልሷል፣ አሁን ገባኝ፣ ወይኔ አሁን ገባኝ ወዴት እየወሰደኝ እንደሆነ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ቆራጭ ነበርን። እኔና በተቃራኒው ፈረቃ ያለው ሰውዬ፣ እሱ አሁን ጡረታ ወጥቶ ሩቅ አገር ልጁ ጋ ሄዷል፣ እሱ ነው ብል ማን ይጠይቀዋል፣ አላስታውስም ብል ማን ይፈርድብኛል፣ ዝም አይነቅዝም ትላለች እናቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ሆና በግድግዳው ውስጥ የምትለኝ መሰለኝ፣ ዝም በይ፣ እጄን አየሁት፣ ይሄ እጅ ነው፣ ያን እሽግ አስታውሰዋለሁ እኮ፣ አንድ ወረቀት ከሌሎቹ ወፈር ይል ነበር፣ ጥሩ ወረቀት፣ የሐኪም ቤት መሣሪያ የሚያወጣው ዓይነት፣ በአውራ ጣቴ ነካሁትና ይሄ ደስ ይላል ብዬ ቆረጥኩት። ራሴን። በሁለት እጄ፣ ሁለቱን ቁልፍ ተጭኜ።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አልኩ።

ከኋላዬ የሙጫዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ እብድ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፣ ነው የምትለው ቆይታ፣ የቦርዱ ጸሐፊ ጣቶች ቃሌን ሲያትሙ ይሰማኛል፣ እና ሊያስፈራኝ ሲገባ ምን ያህል ቀለለኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እውነትን ተሸክሜ ስዞር ስለከበደኝ እውነት ራሷ ከባድ ናት እል ነበር፣ ለካ ከባዱ መሸከሙ ነው።

ሲቆርጡ አላነበቡትም? አሉ ሰብሳቢዋ።

ነጩ ወደ ላይ ነው የሚመጣው፣ ቢገለበጥም አላነብም፣ ቆራጭ አያነብም ክብርት ሰብሳቢ፣ ካነበበ ጣቱ ይሄዳል፣ የምናየው ጠርዝ ነው።

ጠበቃው ደስ ብሎታል፣ እንግዲህ ክብርት ሰብሳቢ፣ አመልካቿ በራሳቸው እጅ፣ ይሄ ደግሞ ድርጅቱም ከልብ ያዘነበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ አጋጣሚ ነው፣ አሠራሩ በዚያው ዕለት ቀርቷል፣ ከመዝገብ ቤት የወጣው ወረቀት በሙሉ በዚያው ዕለት ተወግዷል፣ ማስታወሻ የሚያዘው በአዲስ ወረቀት ነው፣ የአስተዳደር ኃላፊው በቃለ መሐላ አረጋግጠዋል። ቁጠባ አንገቱን ነቀነቀ፣ ነቀነቀና ወደ ማስታወሻው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጽፎ ለጠበቃው ገፋ አደረገለት።

ማስታወሻው። አንድ ጣት ውፍረት ያለው የወረቀት እሽግ ነው፣ ክሊፕ ጨብጦታል፣ ነጭ፣ ንጹሕ፣ እና ዓይኔ እንደ ልማዱ ጠርዙ ላይ አረፈ፣ ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች አንዲት ጭረት ትወርዳለች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። አላምንም። ተተኪዬ ምላጩን ሸርፎታል ብላ ሙጫዬ ያለቀሰችብኝ እኮ ነው፣ እኔ መጋዘን ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስቴፕል ያልወጣለት እሽግ ከምላጩ ስር አስገብቶ፣ ከዚያ ወዲህ የምትጠርዘው መጽሐፍ ሁሉ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለች ጭረት አለችው፣ ጧት ማታ ትረግመዋለች። ከዚያ በፊት ያ ጭረት የለም። እኔ የቆረጥኩት ላይ የለም። አዲስ የማስታወሻ ወረቀት ደግሞ ከፋብሪካ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ በኛ ምላጭ ስር አያልፍም። ማሽኔ እዚህ ክፍል ድረስ መጥቶ ሊመሰክርልኝ ነው፣ ብረት ነው፣ አፍ የለው፣ የተሸረፈች ጥርስ ብቻ።

ክብርት ሰብሳቢ፣ ያ ወረቀት ነጭ ጀርባ ነው፣ አልኩ፣ እጄ ሳላዘው ተነሥቶ እያመለከተ፣ የተቆረጠውም እኔ ከማሽኑ ከተነሣሁ በኋላ ነው፣ ጭረቱን አየዋለሁ።

ጠበቃው ሳቀ፣ ከሦስት ሜትር? ሰብሳቢዋ አልሳቁም፣ እሽጉ ይምጣ፣ የጻፉባቸውን ገጾች ያውጡና ቀሪው ለአመልካቿ ይሰጥ፣ አሉ፣ ጸሐፊዋ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ነጩ ወደ ላይ። ጠርዙን በጣቴ ሄድኩበት፣ አለች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጥፍሬ ገባባት። ከዚያ መዳፌን ነጩ ላይ አሳረፍኩ፣ ወረቀቱ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፣ በሌላው በኩል ሰው በእስክሪብቶ ተጭኖ ጽፎበታል፣ ዶክተሮች ሲጽፉ እንደሚጫኑት፣ በጀርባው በኩል ፊደሉ ተነሥቶ ጣቴን ይነካኛል።

ባዶ ቢሆንስ፣ አለ ጠበቃው፣ ተነሥቷል፣ በሌላ በኩሉ የተጻፈ ነገር እንዳለ በምን እናውቃለን፣ ማንም ድርጅት ወረቀት ይቆርጣል፣ ገልብጠው ያሳዩና ቦርዱ ይይ! ካልሆነ ይሄ ማስረጃ አይደለም።

ልክ ነው። ማስረጃ አይደለም። ገልብጬ ካላሳየሁ ጭረት ብቻ ነው፣ ከገለበጥኩ ደግሞ አለቀ፣ ካሣዬ፣ ማሽኔ፣ ሁሉም እዚህች ወረቀት ስር ነው፣ አንድ ጊዜ መገልበጥ፣ እጄ ደግሞ ያውቅበታል፣ በቀን ስንት ሺ ጊዜ፣ ጫፏን አነሣሁ። አነሣሁ እኮ። ጫፏ ስር ጥላ አለ፣ ጥላው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም፣ የሆነ ሰው፣ አብሬው ምሳ የበላሁት ሰው ይሆናል፣ ስኳሩ ወይ ሳንባው ወይ ልጅ አለመውለዱ፣ የሙጫዬስ ቢሆን፣ ዘወር ብዬ አየኋት፣ ከአፏ ቀልድ የማይጠፋ ሴት ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች፣ ለካ እሷም አላት፣ ለካ ሁሉም አለው፣ ይሄ ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ መስሎኝ፣ የማተሚያ ቤቱ ሰው በሙሉ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ የታሸገ ፖስታ ደረቱ ውስጥ ይዞ ሲገባ እንደኖረ አሁን ነው የታየኝ፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ሲቀልድ፣ ሲሰዳደብ፣ እኛ ሰዎች ምን ጉድ ነን።

አትገልብጪው!

ቁጠባ ነው። ቆሟል፣ ወንበሩ ከኋላው ወድቋል፣ ጠበቃው ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል፣ አይሰማውም፣ በእናትሽ አትገልብጪው እህቴ፣ ፊቱ ላይ ደም የለም፣ እና ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ መስታወት በር ላይ ያን ጠዋት ከወረቀቴ ጎን የታየኝ የራሴ ፊት ነው። የሱ ይሁን፣ የሌላ ይሁን፣ አላውቅም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ጠበቃውን አዩ፣ ጠበቃው የያዘውን ክንድ ለቀቀ፣ ተቀመጠ፣ የኃላፊው ቃል ይመዝገብ፣ አሉ ለጸሐፊዋ፣ በጣም በቀስታ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ መገልበጥ አይጠበቅብዎትም፣ እሳቸው የተናገሩት በቂ ነው።

ጫፏን መልሼ አስተኛኋት። የሰው ነው፣ አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጸሐፊዋ ማሸጊያ ፖስታ ይዛ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች፣ ሁሉም ይጠብቃል፣ እጄ ግን ገና ከላዩ አልተነሣም።